ግልጽ ደብዳቤ፦ የተሳለ ወሰን ሳትጠይቁ ወደ ነጥብ አትለውጡብን

ይድረስ፦ በክፍት ካርታ ላይ መረጃ ለምታስገቡ ጽሕፈት ቤቶች፣ የፕሮጀክት አስተባባሪዎችና አሠልጣኞች

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ በትርፍ ጊዜያችን የአገራችንን ካርታ የምንሠራ በጎ ፈቃደኞች ነን። ከመካከላችን ተማሪ አለ፤ ቀያሽ አለ፤ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ አለ፤ ጡረታ የወጣ መምህርም አለ። የሚከፍለን የለም። ካርታው ግን የሁላችንም ነው። ለዚህም ነው ዝም ማለት ያቃተን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ አንድ የመረጃ ማሰባሰብ ፕሮጀክት ለሠራተኞቹ መመሪያ አወረደ። ማንኛውም ቦታ በአንድ ነጥብ ብቻ ይመዝገብ፣ ዙሪያው ተሰምሮ የተሳለ ካለም ተነስቶ በነጥብ ይተካ የሚል ነው። የተሰጠው ምክንያት ሥራ ያቀላል የሚል ነው። ነጥብ ኤክሴል ላይ አንድ መስመር ብቻ ይይዛል፤ ለመቁጠርም ይመቻል። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት ግቢዎች፣ የቤተ ክርስቲያን አጸዶች፣ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ከካርታው ላይ ተራ በተራ ተነሱ። በምትካቸው ነጠብጣብ ቀረ። የጠየቀን የለም። ያወቅነውም ካርታውን ከፍተን ስናጣቸው ነው።

የፕሮጀክቱን ስም እዚህ አንጠቅስም። ጉዳዩ የአንድ ቢሮ ብቻ አይደለም። ሌሎችም በዚያው መንገድ እየሄዱ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው።

ካርታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ እናስረዳ። ኦፕንስትሪትማፕ በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል የዓለም ካርታ ነው። አንድ ቦታ እዚያ ላይ በዋናነት በሁለት መንገድ ይቀመጣል። አንዱ ነጥብ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ አለው፣ ስም አለው፣ በቃ። ሌላው ወሰን ነው። ነጥቦች ተከታትለው በመስመር ይያያዙና የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ሲገጥም ውስጡ እንዳለ ቦታው ይሆናል። እንደ ጣና ሐይቅ፣ ውስጡ ደቅንና ዳጋን የመሳሰሉ ደሴቶች ሲኖሩት ደግሞ የውጭው ዳርና የደሴቶቹ ዳር ብዙ መስመሮችን እንደ አንድ ነገር በሚያያይዝ፣ ሪሌሽን በሚባል መዝገብ ይታሰራሉ፤ ደሴቶቹ ከውኃው ይቀነሳሉ። ጣናን አንስታችሁ ነጥብ አድርጉት ቢባል ማንም እሺ አይልም። ትምህርት ቤትና ደን ሲሆን ግን እሺ ተባለ።

ቅሬታችንን በየተራ እናቅርብ።

ከቤተ ክርስቲያን እንጀምር። የደቡብ ጎንደርን ወይም የጎጃምን የሳተላይት ምስል የከፈተ ሰው ቶሎ ዓይኑ የሚገባ ነገር አለ። ዙሪያው የታረሰ ማሳ ነው። መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ ይታያል። አጸዱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ከቦ የቆመው ደን። በብዙ አካባቢ አገር በቀል ዛፍ የተረፈው እዚያ ውስጥ ነው፤ ጥዱም፣ ወይራውም፣ ዋንዛውም።

ይህን መሳል ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ ምስሉ ራሱ ከትክክለኛው ቦታ ጥቂት ሜትሮች ተንሸራቶ ሊሆን ስለሚችል በጂፒኤስ ከተቀዳ የመንገድ ዱካ ጋር እናስተያየዋለን። ከዚያ የዛፎቹን ዳር እንከተላለን። እዚህ ላይ ጥላ ያታልላል። ጠዋት በተነሳ ምስል ላይ የዛፎቹ ጥላ ወደ ምዕራብ ይወድቅና ደኑ ከሆነው በላይ ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ ጥላውን ትቶ የቅጠሉን ጫፍ መያዝ ነው። መሀል ላይ ክቡ የቆርቆሮ ጣራ ያበራል፤ እሱ ሕንፃው ነው። በጣራውና በደኑ መካከል ቅጥሩ አለ። ቅጥሩ ላይ ደጀ ሰላሙ አለ። ቁልቁለቱን ወረድ ሲሉ ደግሞ ጠበሉ ይገኛል። ጠበሉ ከላይ በምስል አይታይም፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

አሁን ልብ በሉልን። ሕንፃው ዳር አለው፤ ቅጥሩም አለው፤ ደኑም አለው። ሦስቱም በወሰን ይሳላሉ። ደጀ ሰላሙና ጠበሉ ነጥብ ቢሆኑ ምንም አይጎድልባቸውም። በአንድ ደብር ውስጥ ሁለቱም አሠራር ቦታ ቦታውን ይዟል። መመሪያው ሲመጣ ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ነጥብ ሆነ። ስሙ ቀረ። ደኑ ግን ስሙን ተከትሎ ሊመጣ አልቻለም። ከዓመታት በኋላ አጸዱ ሰፋ ወይስ ጠበበ ብሎ ሊያጠና የሚመጣ ሰው ምኑን ከምን ያነጻጽር?

ወደ አዲስ አበባና ዙሪያዋ እንምጣ። የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬን አስቡ። እነዚህ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች እያንዳንዳቸው የአንድ ትንሽ ከተማ ያህል ናቸው። የሳይቱ ወሰን፣ የመግቢያ መንገዶቹ፣ የእያንዳንዱ ብሎክ ቅርጽና ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ተሟልቶ ካርታው ላይ ሲገባ ሰው ቤቱን ያገኛል። ከእኛ ጋር የሚሠራው ሞተረኛ የሚያጋጥመውን ነግሮናል። ሳይቱ በአንድ ነጥብ ብቻ ሲቀመጥ ስልኩ የሚመራው ወደዚያች ነጥብ ነው። ነጥቧ ደግሞ ብሎኮች መሀል ያለ ባዶ ሜዳ ላይ ወይም ከአጥር ጀርባ ትወድቃለች። ስልኩ ደርሰሃል ይለዋል። ደንበኛው ደግሞ በሌላ በር በኩል ቆሞ የት ደረስክ እያለ ይደውላል። በምግብ ማድረስ ላይ ይህ ጥቅም ማጣት ነው፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ነዳጅ ይቃጠላል። በአምቡላንስ ላይ ሲሆን ግን ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የትምህርት ቤቱ ነገር ሌላ መልክ አለው። መረጃ ሰብሳቢው ስልኩን ይዞ ይሄዳል፤ የቆመበት ቦታ ላይ ሆኖ ይጫናል። አንዱ በር ላይ ቆሞ ይጫናል። ሌላው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ ይጫናል። ሦስተኛው ከመንገዱ ማዶ ኔትወርክ ባገኘበት ቦታ ይጫናል። ሦስቱም ወደ ካርታው ገብተዋል። አሁን በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አንዱ እንዲያውም ከግቢው ውጭ፣ ስማቸው በትንሽ በትንሹ የሚለያይ ሦስት ትምህርት ቤቶች ይታያሉ። ካርታው አንድ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጥ የሚል የቆየ ደንብ አለው። ግቢው በወሰን ተስሎ፣ ስሙ ወሰኑ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ሲመጡ ቀድሞ መግባቱን ያዩ ነበር። በካርታው መረጃ ስንት ትምህርት ቤት አለ ብሎ ለሚቆጥር አካልም ቁጥሩ አይዋሽም ነበር።

ቆጠራ ይመቻል ተብሎ የተጀመረው ነገር ቆጠራውን እንዲህ አበላሸው።

ከሁሉ ያሳዘነን ግን የገጠሩ ነው። ቀበሌና ጎጥ አንድ አይደሉም። ቀበሌ አስተዳደራዊ ወሰን አለው። ጎጥ ግን በደጋው አገራችን ብዙ ጊዜ ተበታትኖ ነው የሚሰፍረው፤ ሁለት ቤት እዚህ፣ አራት ቤት ከጅረቱ ማዶ። ፕሮጀክቱ የቀበሌ ወሰኖችን ወስዶ ለእያንዳንዱ መሀል ነጥብ በኮምፒውተር አሰላ፤ ያንን ነጥብ የሰፈራው ቦታ ነው ብሎ አስገባ። የመሀል ነጥብ ስሌት ግን ሰው የት እንደሚኖር አያውቅም። የቀበሌው ቅርጽ እንደ ጨረቃ የተቆለመመ ከሆነ መሀሉ ከቀበሌው ውጭ ሊወድቅ ይችላል። ካየናቸው አንዱ ገደል ውስጥ ነው። ከቤቶቹ ለመድረስ ወንዙን ዞሮ በሌላ በኩል መውጣት ይጠይቃል። ካርታ ይዞ ለክትባት የሚወጣ ቡድን ያንን አምኖ ከሄደ ቀኑ ያልቅበታል።

እንዲህ ዓይነት ሰፈራ ነጥብ ቢሆን አንቃወምም። እንዲያውም ነጥብ ነው የሚገባው፤ ዳሩ አይታወቅማ። ግን ነጥቡ ሰው በሚሰበሰብበት ይቀመጥ፦ ጤና ኬላው አጠገብ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ጋ፣ ገበያው ጋ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ብትጠይቁ በአንድ አፍ ይነግሯችኋል። ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ናቸውና።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው ስህተት እንለፍ፤ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል። ሌላ አንድ ቢሮ የከተማውን ሰፈሮች በሙሉ ዙሪያቸውን አስምሮ፣ በመካከላቸው ክፍተት ሳይተው፣ በቀለም ለይቶ አስገብቷል። ለዓይን ያምራል። እውነት ግን አይደለም። ኡራኤል የት አልቆ ካዛንቺስ የት ይጀምራል? እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎችን ጠይቁ፤ አንዱ የሚነግራችሁን ሌላው አይቀበለውም። ሁለቱም ደግሞ ልክ ናቸው። ሰፈር ዳር የለውም። መሀል ነው ያለው። መሀሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ወራጅ አለ የሚልበት ቦታ ነው። ለሰፈር ስም ነጥብ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ያልታወቀ ዳር ስትስሉ፣ አንዲት እናት ዕድሜዋን የኖረችበትን ሰፈር ካርታው ሌላ ሰፈር ነው ይላታል።

ካዛንቺስን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ካርታው መሬት ላይ ያለውን ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ የፈረሱት ቤቶች እየተነሱ ነው። ስሙ ግን አልፈረሰም። ረዳቱ አሁንም ካዛንቺስ እያለ ይጣራል። ነዋሪው ከሄደበት ሆኖ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ ይላል። የሰፈሩ ስም በነጥብ የተቀመጠ በመሆኑ ከቤቶቹ ጋር አብሮ አልተነሳም። ይህንን ነጥብ አደራ እንላለን፤ ማንም እንዳይነካው።

መርካቶም ከዚህ ብዙ አይለይም። መርካቶ የሚለው ስም ነጥብ ይበቃዋል። ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ዱባይ ተራ ደግሞ የየራሳቸው ነጥብ ያስፈልጋቸዋል፤ ካልሆነ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ነጋዴ ካርታው አይጠቅምም። አጥርና በር ያላቸው የገበያ ሕንፃዎች ግን በወሰን ይሳሉ።

ክፍለ ከተማና ወረዳ ከሰፈር ይለያሉ። እነሱን የሚወስናቸው ሕግ ነው። አዲስ አበባ ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከተጨመረ ወዲህ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ ሁሉም የታወቀ ወሰን አላቸው። እነዚህን በነጥብ መተካት ሌላ ችግር ያመጣል። የካርታው የአድራሻ ፍለጋ የሚሠራው እንዲህ ነው። ወሰን ካለ፣ ቤቱ በየትኛው ወሰን ውስጥ እንደሆነ አይቶ ይነግራችኋል። ወሰን ከሌለ ቅርብ ያለውን ነጥብ ፈልጎ በግምት ያስጠጋዋል። ቦሌ ጠርዝ ላይ ያለ ቤት ለየካ ነጥብ ቀረብ ካለ የካ ነው ይባላል። ባለጉዳይ በዚህ የተነሳ ወደማይመለከተው ክፍለ ከተማ ሄዶ ተሰልፎ ይመለሳል።

ስለ አሠራሩም የምንለው አለ። የኦፕንስትሪትማፕ ፋውንዴሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው የተደራጀ የካርታ ሥራ መመሪያ አለ። ቢሮዎችና ፕሮጀክቶች ሠራተኛ አሰማርተው ካርታውን ሲያርሙ፣ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ አስቀድመው በይፋ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። መረጃ በጅምላ ማስገባትና በጅምላ መለወጥም ቀድሞ ከማኅበረሰቡ ጋር መነጋገርን ይፈልጋል። ይህ አልተደረገም። አስተያየት ስንጽፍ መልስ የሰጠን ጥቂት ሰው ነው። መልሱም የታዘዝነው ነው የሚል ነበር። ልጆቹን አንወቅስም። አዛዡ ግን መልስ አለበት።

ወሰን መሰብሰብ ያስቸግራል የሚለውም አያስኬድም። ኦዲኬን የመሳሰሉት የስልክ ፎርሞች ነጥብ ብቻ አይደለም የሚቀበሉት፤ ዙሪያውን እየዞሩ ወሰን መመዝገብም ይቻልባቸዋል። ጊዜ ከሌለ ደግሞ በሩ ላይ ነጥብ ይያዝ፤ ወሰኑን ከሳተላይት ምስል ላይ እኛ እንስለዋለን። ለኤክሴል ነጥብ ካስፈለጋችሁ ደግሞ ከወሰኑ ላይ ኮምፒውተር በሰከንድ ያወጣላችኋል። ከነጥብ ተነስቶ ወሰን የሚያወጣ ኮምፒውተር ግን የለም። ዳቦ ተፈጭቶ ዱቄት እንደማይሆን ሁሉ ነው፤ አንድ ጊዜ ካለፈ ወደ ኋላ የለም። ዋናው ነገራችን ይህ ነው። ወሰን ያለው ሰው ነጥብ በፈለገ ጊዜ ያገኛል። ነጥብ ብቻ የቀረው ሰው የቀድሞውን ለማግኘት ከዜሮ መጀመር አለበት።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ፣ የተሳሉ ወሰኖችን በነጥብ መተካቱ ዛሬውኑ ይቁም። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛ፣ የተነሱት ወሰኖች ይመለሱ። ካርታው የእያንዳንዱን ለውጥ ታሪክ ይይዛል፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይታያል። በጅምላ የተደረገውን ለውጥ መልሶ መቀልበስ ይቻላል። ግን ቀን በጨመረ ቁጥር ሌሎች ሰዎች በላዩ ላይ እየሠሩ ስለሚሄዱ መቀልበሱ ይከብዳል። የለውጦቹን ዝርዝር ከሰጣችሁን ሥራውን አብረን እንሠራለን። ከአጸዶቹ ብንጀምር ደስ ይለናል።

መመሪያውም ይስተካከል። አጥር፣ ቅጥር፣ ግድግዳ፣ የውኃ ዳር ወይም የሕግ ወሰን ያለው ነገር በወሰን ይሳል። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በግቢያቸው ይሳሉ፤ በሮቻቸው፣ በተለይ የድንገተኛ መግቢያው፣ በነጥብ ይጨመሩ። ሰፈር፣ ጎጥ፣ ተራ፣ ጠበል፣ የውኃ ጉድጓድ በነጥብ ይሁኑ። የተገመተ የሰፈር ዳር የሳላችሁም አንሱት። በኮምፒውተር ተሰልተው የገቡት የቀበሌ መሀል ነጥቦች ደግሞ አካባቢውን በሚያውቅ ሰው እስኪታዩ ድረስ የሰፈራ ስም አይያዙ፤ እነዚህ ሰው ሊያሳስቱ ስለሚችሉ ቅድሚያ ይሰጣቸው።

ሥልጠና ስትሰጡም በአንድ ጠዋት ስልክ አሳይቶ መላክ አይበቃም። ሠልጣኙ ከመጫኑ በፊት ቦታው ቀድሞ ካርታው ላይ መኖሩን ማየት ይልመድ። አንድ ግቢ በእግሩ ዞሮ ይሳል። ያኔ መመሪያ ባይኖርም ራሱ ይለየዋል።

በመጨረሻም፣ ከእንግዲህ በጅምላ የምታስገቡትንም ሆነ የምትለውጡትን ቀድማችሁ አሳውቁን። የምናግዛችሁ ሰዎች ነን። ሰፈሩን እናውቀዋለን፤ ባናውቀው የሚያውቀውን እንጠይቃለን። መልሳችሁንም በግል ሳይሆን ሁሉም አንባቢ በሚያየው መንገድ፣ በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። በተለይ ሁለት ነገር ብትመልሱልን፦ የተነሱት ወሰኖች ከመቼ ጀምሮ እንደሚመለሱና ለዚህ ሥራ ከእናንተ በኩል ማንን እንደምናነጋግር።

ከአክብሮት ጋር፣

በኦፕንስትሪትማፕ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ የምንሠራ በጎ ፈቃደኛ ካርታ ሠሪዎች